ዝዝ ያለችው ክር፦ ለጠባሴው በገና ሠሪ ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። መሣሪያ ተበላሽቶበት አዲስ አበባ የሚመላለስ የሰሜን ሸዋ ልጅ ካለ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ጠባሴ በሚባለው ሰፈር፣ የሚጠግን ሰው እንዳለ ይወቅልኝ። ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆ፣ ጊታር የምትጫወቱ ሁሉ አንብቡልኝ።

የኔ መሣሪያ ላፕ ስቲል ጊታር ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ስለዚህ ትንሽ ልንገራችሁ። ጭን ላይ ተጋድሞ ነው የሚመታው። ግራ እጅ ክሮቹን ተጭኖ አይዝም። ለስላሳ ብረት ይዞ ከላይ ያንሸራትትባቸዋል። ድምፁ እንደ ሰው እንጉርጉሮ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየተሳበ የሚሄደው ለዚህ ነው። አጨዋወቱ ከሃዋይ የመጣ ነው። ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል የዚያ አገር ልጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደጀመረው ይነገራል። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ጊታርም ላፕ ስቲል ነበር። በኋላ ሪከንባከር በሚል ስም የታወቀው ኩባንያ በ1932 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም ስለሆነ ሰው «መጥበሻው» ብሎ ስም አወጣለት።

እኔ ጋ የደረሰው በአጎቴ በኩል ነው። አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሮ ለጥየቃ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። «አንተ ክራር ትወዳለህ፣ ይሄም ይስማማሃል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ስድስቱ ክሮች ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ሲ ስድስት በሚባለው ቅኝት ሲቃኙ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ይሆናሉ። የኛ ሙሉ ትዝታ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እዩት እንግዲህ! ከአምስቱ አራቱ ሳትነኩት ክፍት ክሮቹ ላይ ተቀምጠዋል። የምትጎድለው ሬ ብቻ ናት። እሷንም ዶ ላይ ብረቱን ሁለት መስመር ወደፊት ስታንሸራትቱ ታገኟታላችሁ። ሃዋይና ሸዋ ተነጋግረው አያውቁም። ግን መሣሪያው ትዝታ ሲመታበት እዚሁ የተወለደ ይመስላል። እኔ ይህን ያወቅኩ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነው። ሁለት ክር ተበጠሰብኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስላላገኘሁ አዲስ አበባ ሄድኩ። የሄድኩበትን ሱቅ ስም አልጠራም። ያደረጉልኝ የተራ ጊታር ክር ነው። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ መሣሪያውን ግን አያውቁትም። የተራ ጊታር ወፍራም ክሮች ለዚህ ቅኝት በጣም ስለሚወጠሩ ሁለቱ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተበጠሱ። ከዚያ ከዚህም ከዚያም አቀላቅለው አሰሩልኝ። ስመልሰው ድምፁ ሌላ ነበር። ቀጭኗ አንደኛ ክርና ሦስተኛዋ፣ ማለትም ላ፣ ስትመታ ዝዝ ትላለች። ሙዚቀኞች «ባዝ» የሚሉት ነው። ንብ ጣሳ ውስጥ ገብታ የምትጮህ ነው የሚመስለው።

ተመልሼ ሄድኩ። «ክሩ ዝቅ ብሎ ነው፣ ከፍ እናድርገው» አሉኝ። ይህ ለተራ ጊታር ልክ ነው። ተራ ጊታር ላይ ክሩ ሲርገበገብ አንገቱ ላይ ያሉትን ብረቶች ከነካ ይነዝራል፣ ከፍ ሲደረግ ይተዋል። ላፕ ስቲል ላይ ግን ክሮቹ ድሮም ከአንገቱ በጣም ከፍ ያሉ ናቸው። አንገቱ ላይ ያሉት መስመሮችም ብረት ሳይሆኑ ቦታ ማሳያ ብቻ ናቸው። ክሩ የሚነካው ነገር የለም። ከፍ አደረጉት፣ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ «ፒክአፑ ይቀየር» አሉ፤ የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ማለት ነው። በሁለቱ ጉዞ ከ2,500 ብር በላይ ወጣብኝ። የትራንስፖርቱ ሳይቆጠር ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ በጣም አስጨንቆኛል። የእህቴ ሠርግ ጥር ላይ ነበር። መልሱ ሸዋ ሮቢት ነው የሚደረገው። እኔ ደግሞ ለእህቴ አንድ ትዝታ እንደምመታላት ቃል ገብቻለሁ። አባታችን ክራር ይመታ ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም። እናታችን ያንን ትዝታ ከሰማች ዓመታት አልፈዋል። ዝዝ በሚል ክር ፊቷ መቀመጥ አልፈለግኩም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው «ጠባሴ በኩል አንድ በገና የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ፣ ለምን አታሳያቸውም?» ያለኝ። በገና ሠሪ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ምን ያውቃል ብዬ አመነታሁ። ደግሞ በገና እኮ ድምፁ ራሱ ንዝረት ነው። ንዝረት የሚሠራ ሰው እንዴት ንዝረት ያጠፋል? ሌላ አማራጭ ስላጣሁ ግን ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዤ ሄድኩ። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነበር። ቤታቸው ስደርስ ጋሼ ባና ደርበው ከሰል አጠገብ ቁጭ ብለው እጃቸውን ያሞቃሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ አልነኩትም። «ምታው» አሉኝ። አምፕ (ድምፅ ማጉያ) አልነበረም። ያለ አምፕ፣ ክሩን ብቻ መታሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «አሁን ብረቱን ሳትጠቀም ምታ።» መታሁ። «አሁን በብረቱ።» መታሁ። «አሁን ሦስተኛዋን ብቻ፣ ደጋግመህ።» ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ስሄድ አንድ ሰው እንኳን «እስቲ ተጫወትበት» አላለኝም ነበር።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ በገና ሲነዝር ጤናው ነው። ያንተ ይሄ ሲነዝር ሕመሙ ነው። ነገሩ ግን አንድ ነው።»

ተነሥተው አንድ በገና አመጡ። አሥሩ ክሮች ከታች በርኩማው ላይ የሚያርፉበትን አሳዩኝ። በእያንዳንዱ ክርና በበርኩማው መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች፤ እንዚራ ትባላለች። «ክሩ በርኩማው ላይ በአንድ ነጥብ ካረፈ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ አይነዝርም። እኛ እንዚራዋን አስገብተን እንዳያርፍ እናደርገዋለን። እየተነሣ እየወደቀ ሲነካካ ነው የሚነዝረው። እንዚራዋን ትንሽ ስትስባት ይጠፋል፣ ትንሽ ስትመልሳት ይመጣል።» እያሉ በጣታቸው አሳዩኝ። ንዝረቱ እውነትም ሄደ፣ ተመለሰ። «ያንተ ክር አንድ ቦታ ላይ ማረፍ አቅቶታል። ማንም ሳያስገባለት እንዚራ በቅሎበታል። ያቺን እንፈልግ።»

ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ንዝረት ሲያስገቡ ኖረዋል። የት እንደሚወለድ ከሳቸው በላይ ማን ሊያውቅ ይችላል?

ፍለጋው እንዲህ ነበር። እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ስለምትችሉ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ክፍት ክር ሲመታ ብቻ የሚነዝር ከሆነ ችግሩ ከላይ ነው፣ ክሮቹ ወደ መቃኛው ከመሄዳቸው በፊት የሚያርፉባት ትንሽ ዘንግ ላይ። ጋሼ «የላይኛዋ በርኩማ» ነው ያሏት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እንደዚያ ነው የምጠራት። ብረቱ ሲቀመጥበት ብቻ ከነዘረ ነገሩ ያለው ብረቱና ክሩ መካከል ነው። በሁለቱም ከነዘረ ወይ የታችኛው በርኩማ ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ የላላ ነገር አለ። የኔዋ አንደኛ ክር ክፍት ስትሆን ብቻ ነበር የምትነዝረው። ሦስተኛዋ ግን በሁለቱም።

ጋሼ ከደብተር ጫፍ ላይ ቀጭን ወረቀት ቀደው አንደኛዋ ክር የምታርፍበት ቦይ ውስጥ ከክሩ ሥር አስገቡ። «ምታ።» መታሁ። ዝዝ የለም! ወረቀቷን አወጡ፣ ዝዝ ተመለሰ። ለካ ቦዩ ለድሮዋ ወፍራም ክር የተቆፈረ ነው። አዲሷ ቀጭን ክር ውስጡ ትዋኛለች። የቦዩ ወለልም ጠፍጣፋ ነው። ቦዩ ወደ መቃኛው በኩል ማዘቅዘቅ አለበት፣ ክሩ የፊተኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ተለይቶ እንዲያርፍ። ጠፍጣፋ ከሆነ ክሩ ወለሉ ላይ እየተጋጨ ይነዝራል።

ቀጥሎ የብረት ማስመሪያ አመጡ። ጠርዙን በስድስቱም ክሮች ላይ አጋድመው በመስኮቱ በኩል ወደ ብርሃኑ አዩ። እኔንም አሳዩኝ። ሦስተኛዋ ክር ላይ በማስመሪያውና በክሩ መካከል ብርሃን ያልፋል። እሷ ብቻ ዝቅ ብላለች። ላፕ ስቲል ላይ የክሮቹ አናት ሁሉ እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ቀጥ ያለው ብረት ሁሉንም እኩል አይነካም። ዝቅ ያለችውን ለስለስ አድርጎ ብቻ ይነካታል፣ እሷም ብረቱን ትመታዋለች። እኔ ስንት ወር ሙሉ እጄ ጥፋተኛ ነው ብዬ ብረቱን እየተጫንኩ ነበር። ብዙ ሲጫኑት ደግሞ ክሩ ይወጠርና ቅኝቱ ይሸሻል።

ግን ሦስተኛዋ ክፍት ሆናም ትነዝር አልነበር? ወረቀት ቢገባላትም አልተወችም። እዚህ ላይ ነው ጋሼን በጣም ያደነቅኳቸው። «አንተ ምታ፣ አታቁም» አሉኝና በአንድ ጣታቸው መሣሪያውን ይነኩ ጀመር። የታችኛውን በርኩማ ነኩ፣ ዝዝ። የፒክአፑን ክዳን ነኩ፣ ዝዝ። መቃኛዎቹን ተራ በተራ ነኩ። አምስተኛው መቃኛ ላይ ሲደርሱ ጸጥ አለ። የሦስተኛዋ ክር እንኳን አይደለም! የአምስተኛው መቃኛ ሮንዴላ ላልቶ ነበር። ላ ሲመታ ብቻ ከላው ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ኖታ አያስነሣውም። በካቻቢቴ ሩብ ዙር እንኳን የማይሞላ አጠበቁት። አለቀ። ለዚህች ሩብ ዙር ነው ፒክአፕ ልቀይር የነበረው።

ላይኛዋን በርኩማ ግን መጠገን አልፈለጉም። ሰው ሱፐር ግሉ ከአጥንት ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ቦዩን ሞልቶ እንደገና ሊቆፍረው ይችላል። እሳቸውም ያውቁታል። «ይሄ ፕላስቲክ ነው፣ ነገ ይበላል። አዲስ ልሥራልህ» አሉኝ። ከአንድ ጣሳ ውስጥ የበሬ ቅልጥም አጥንት አወጡ። ተቀቅሎ፣ ስቡ ወጥቶ፣ ብዙ ወር የደረቀ ነው። ሞርሳ ላይ አስረው በቀጭን መጋዝ ቆረጡ፣ በሞረድ አስተካከሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። ሁለተኛ ቀን ስመለስ ቦዮቹን ሲቆፍሩ ደረስኩ። ለወፍራሞቹ ክሮች የተጠቀሙት የተበጠሱትን የጊታር ክሮች ራሳቸውን ነው። የተጠመጠመ ክር እንደ ሞረድ ይቆፍራል፣ ቦዩም ልክ በክሩ ስፋት ይወጣል። ክሩ ግማሽ ውፍረቱ ቦዩ ውስጥ፣ ግማሹ ከላይ እስኪሆን ድረስ ነው የሚቆፈረው። ሁለት ጊዜ ፋቅ ያደርጋሉ፣ ክሩን ያስገባሉ፣ ማስመሪያውን ያጋድማሉ፣ ብርሃኑን ያያሉ። እንደገና ሁለት ጊዜ። ቀጭኗ ክር ላይ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። ባለቤታቸው ሁለት ጊዜ ቡና አቀረቡልን፣ እሳቸው አንዱ ቀዝቅዞባቸው ነበር።

ስለ እውነተኛነታቸው ደግሞ ይህን ልናገር። አምፕ ይዤ ስመጣ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ክር ሳይመታም ውስጥ ውስጡን እምምም የሚል ነው። ክሩን በእጄ ብነካውም አይጠፋም። ጋሼ ሰሙና «ይሄ የኔ አይደለም፣ የመብራት ነው። እዚያ ማዶ ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ አለ፣ እሱን ጠይቀው» አሉኝ። ልጁ በቴስተር አይቶ ወደ በርኩማው የሚሄደው የመሬት ሽቦ ተነቅሎ እንደነበር አገኘ። በስታኞ በየደልኝ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እሱንም ከልቤ አመሰግነዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ያንንም ለመሞከር ከፍቶ ሊያበላሸው ይችል ነበር።

ስንት ልክፈል ስላቸው 700 ብር አሉ። የአጥንቷ፣ የሁለት ቀን ሥራቸውና የእጃቸው ዋጋ ነው። የሮንዴላዋንስ ብላቸው «ማጥበቅ ሥራ ነው እንዴ?» አሉኝ። ስጨምርላቸው የጨመርኩትን መለሱልኝ። ክርክር ስላልወደዱ ተውኩት። በማግስቱ ግን ባለቤታቸው ጋ ሁለት ኪሎ ቡና አድርሻለሁ።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነበር። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሙቀት ነው የምትገቡት። ጋሼ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። «እዚያ ስትደርስ ወዲያው እንዳትቃኝ። ከሽፋኑ አውጥተህ ሁለት ሰዓት አቆየው፣ እንጨቱም ክሩም ቆላውን ይልመድ።» እንዳሉት አደረግኩ። ስቃኘው ሁሉም ክር ዝቅ ብሎ ነበር፣ ሙቀት ክሩን ያላላዋል። አንድ ጊዜ ቃኘሁት፣ ከዚያ እስከ ማታ አልሸሸም።

ትዝታውን መታሁት። ላ ላይ ስደርስ ጥርት ብላ፣ ረጅም ሆና ወጣች። እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እህቴ መጥታ እናታችን ጉልበት ሥር ቁጭ አለች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ምሽት አልጽፍም።

ስመለስ በስልክ የተቀዳውን ለጋሼ አሰማኋቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ሦስተኛዋ ድናለች» አሉ። ቀጠል አድርገው «አራተኛዋ ትንሽ ደክማለች፣ ክሯ አርጅቷል፣ ቀይራት» አሉኝ። እኔ አልሰማሁትም ነበር። ቀየርኳት፣ ልክ ነበሩ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጠባሴ ደርሳችሁ «በገና የሚሠሩት አባት» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያሳያችኋል። እሑድና በበዓል ቀን አይሠሩም። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት አትሂዱ፣ ብርዱ ሳይለቅ እጃቸው በደንብ አይታዘዝላቸውም። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ በገና የሚያሠራው ሰው ይበዛል፣ ጾሙ ከገባ በኋላ ደግሞ ማታ ማታ ልጆች ያስተምራሉ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ድረሱ። ክራራችሁ ቢነዝር ክራሩን ብቻ ሳይሆን የምትመቱበትንም ይዛችሁ ሂዱ። የላፕ ስቲል ሰው ከሆናችሁ ብረታችሁን አትርሱ፣ እሱንም ያዩታል። የኔን ብረት አይተው ጫፉ ላይ በጥፍር ብቻ የሚታወቅ ጭረት አግኝተው አለስልሰውልኛል። የተበጠሱ ክሮችንም አትጣሉ፣ ውሰዱላቸው። ለሳቸው ሞረድ ነው።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ ቃል ገብቶልኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው።